ስልኩ «ወይ» ያለ ዕለት

ያን ክረምት ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ልብስ እሰፋ ነበር። አሁንም እዚያው ነኝ። ባለቤቴ ሙላት የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ እናቴም ከእኛ ጋር ትኖራለች። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ስላረፈ፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን አዳነን ያሳደጉን እናቴና ታላቅ ወንድሟ ናቸው። አጎቴን አገሬው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው፤ እኛም እንደዚያው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደብር ይቀድሳሉ፣ ተማሪም ያስተምራሉ።

አዳነ የየኔታ ተስፋ ነበር። ከሥራቸው ሳይለይ ተምሮ ዲቁና ተቀበለ። እሳቸው ልጅ አልወለዱም፤ ደብሩን የሚረከባቸው እሱ እንዲሆን ነበር ሐሳባቸው። ለዚህ ደግሞ በሥርዓቱ ልጃገረድ በተክሊል አግብቶ ቅስና መቀበል ነበረበት። ልጅቷም ታጭታለት ነበር። እሱ ግን «ለሠርጉ ትንሽ ልሥራ» ብሎ መንጃ ፈቃድ አወጣና መንገድ ከሚሠሩ ቻይናዎች ዘንድ ተቀጠረ። ከባሕር ዳር ሲሚንቶና ብረት እየጫነ ከእብናት ማዶ ወዳለው ካምፕ ያመላልሳል። ሠርጉ ከዓመት ወደ ዓመት ይገፋ ጀመር። ስንጠይቀው «ይደርሳል» ይለናል። እኛም ሥራ በዝቶበት ነው እንላለን።

እኔና እሱ የምንገናኘው በስልክ ነበር። ስደውልለት እንደ ሰው ሃሎ አይልም፤ «ወይ፣ ጥሩዬ» ነው የሚለኝ። ስሜ ጥሩወርቅ ነው። እናቴ «ታላቅህን አቤት በላት እንጂ ወይ ይባላል?» እያለች ትቆጣዋለች። እሱ ግን ያቺን ወይ አልተዋትም፤ እኔም ወድጃት ነበር።

ሐምሌ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የዘነበው ዝናብ ጠዋትም አላባራም። ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች ደንበኛዬ ጃንጥላዋን በር ላይ እያራገፈች፣

«ከእብናት ማዶ ናዳ ወርዶ መኪና በላ ይባላል፤ መንገድ የሚሠሩት ጋ» አለችኝ።

«ሰውስ?»

«ሰውም አለበት ነው የሚሉት። ከመናኸሪያ ነው የሰማሁት፤ እኔ ምን አውቃለሁ።»

እጄ ላይ የነበረውን ጨርቅ አስቀምጬ ለአዳነ ደወልኩ። መስመር የለም። ደግሜ ደወልኩ፤ አሁንም የለም። ደንበኛዬን ትቼ ስልኩን እየነካካሁ ስቆይ በመጨረሻ ጠራ። ተነሣም።

«ወይ?» አለኝ።

ልቤ መለስ አለ። «አዳነ፣ ደኅና ነህ? ናዳ ወረደ ብለውኝ እኮ ነው» አልኩት።

ከዚያ «ወይ?» አለ ደግሞ። ይሄኛው ድምፅ ሻካራ ነው፤ የአዳነን አይመስልም። ታምሞ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

«አዳነ አይደለህም? ማን ልበል?»

«ወይ… ወይ፣ ወይ፣ ወይ…»

ከድምፁ በስተኋላ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ሰዎችም ሲጯጯሁ ይሰማል። ተቋረጠ።

እስቲ አስቡት። ሰው ሲጠራን «ወይ» እንላለን። ሰው ሲሞትብንም «ወይ» እንላለን። «መጣ ወይ?» ብለን የምንጠይቀውም በዚያችው ቃል ነው። መጀመሪያ የሰማኋት ወይ የወንድሜ መልስ መስላኝ ነበር። የመጨረሻዎቹ ግን ደረቱን የሚመታ ሰው ዋይታ ሆነው ነው ጆሮዬ ውስጥ የቀሩት። የትኛው ትክክል እንደሆነ ሳላውቅ ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

እናቴ ምስር ትለቅማለች። የኔታ ለጉዳይ ከተማ ወጥተው ዝናብ ስለያዛቸው እኛ ዘንድ አርፈዋል። ሙላትም ክረምት ስለሆነ ቤት ነው። ላረጋጋቸው ብዬ የጀመርኩትን ወሬ ፊቴ አበላሸብኝ። እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ደውይ፤ እኔም ልስማው» አለችኝ።

ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን መሶቡ ላይ አኖርኩት። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በአጥሩ በኩል ድምፃችንን ሰምታ ገብታ በር ላይ ቆማለች። ስልኩ ጠራ።

«ወይ?»

«አዳነ፣ እናትህ ነኝ» አለች እናቴ።

«ወይ? ወይ…» ከዚያ የማንረዳው ጉርምርምታ፣ ቀጥሎም «ወይ፣ ወይ፣ ወይ» አለና ተዘጋ። ደግመን ስንደውል ጨርሶ አይጠራም።

ቀድማ የተናገረችው እናቴ ናት።

«ይሄ የልጄ ድምፅ አይደለም። ልጄ አጠገብ ቆሞ የሚያለቅስ ሰው ነው።»

«ቆይ እስቲ፣ ቆይ» አለ ሙላት። «ካምፑ የውጭ ሰዎች ያሉበት ነው። በእንግሊዝኛ ዌይ ማለት መንገድ ነው። መንገድ ላይ ነው ሊለን ፈልጎ ይሆናል።»

«የምን መንገድ?»

«መንገድ ነዋ። እየመጣ ነው ማለቱ…»

«ናዳው የወረደውስ የት ነው?» አለችው እናቴ። «መንገድ ላይ አይደለም?»

እኔ ወደ የኔታ አየሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከእሳቸው ነው ማጽናኛ የምንጠብቀው። እሳቸው ግን ጭራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

«በግእዝም ያው ወይ ነው» አሉ በቀስታ። «ወዮ ማለት ነው። ሌላ ትርጉም አላውቅለትም።»

እትዬ ዘይነባ በራችን ላይ እንደቆመች «በእኛም ኪታብ ወይል የሚባል አለ» አለች። ምን ማለት እንደሆነ አልጨመረችም። ነጠላዋን ወደ አፏ ስትወስድ ግን ሁላችንም ገባን።

እናቴ ያን ጊዜ ጮኸች።

በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች ተጠራርተው፣ ማለዳ መጥተው፣ ሰውየውን ይዘው ነው የሚያረዱት። እኛን ያረዳን ስልክ ነው። የኔታ «አስከሬን ሳይታይ፣ ያየ ሰው ሳይመጣ ለቅሶ አይቀመጥም» ብለው ለመኑ። ማን ይስማቸው። የእናቴን ጩኸት የሰማ ጎረቤት ሁሉ ገባ፤ የገባው ሲያለቅስ የሰማ ደግሞ ተከተለ። ከቀትር በኋላ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተክለው ጨርሰው ነበር። ሙላት በአዲስ ዘመን ከተማ ዞሮ ወደ እብናት ሊያጣራ ወጣ። ማታውን ጎርፍ መንገድ ቆርጦ አዲስ ዘመን ማደሩን በሰው ላከብን። ያ ስልክ ከፊቴ ይራቅ ብላ እናቴ ስላዘዘችኝ የእኔን አጥፍቼ ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ።

እኔ ማልቀስ አቃተኝ። ሰዎች ድንጋጤ ነው አሉ። ድንጋጤ አልነበረም፤ የመጀመሪያዋ ወይ ነበረች። እዬዬ በሚባልበት መሀል ተቀምጬ ያቺን ብቻ በልቤ እደጋግማታለሁ። ጠያቂ ነበረች፤ ጫፏ ወደ ላይ የወጣ። የሚያለቅስ ሰው እንዲያ ይላል? ደግሞ እላለሁ፣ የምሰማው የምመኘውን ነው። እናቴ ፊቷን ነጭታ ደሙ ጉንጯ ላይ ደርቆ ሳያት፣ እኔ ተስፋ ማድረጌ ራሱ በእሷ ላይ የምሠራው ክፋት መስሎ ይሰማኛል። አልቅሼ ይውጣልኝ ስልም እንባው አይመጣም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የኔታም ተሸነፉ። ከመጡት ካህናት ጋር ሲመካከሩ ከቆዩ በኋላ ተማሪዎቻቸውን ጠርተው ለጸሎተ ፍትሐት የሚያስፈልገውን እንዲያመጡ አዘዙ። ሲናገሩ ድምፃቸው ተሰበረ። ያን ጊዜ ነው ከድንኳኑ ውጭ አዲስ ጩኸት የሰማነው።

አንዲት ሴት ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ጋር ቢሆን ነው። ጥቁር ነጠላ አጣፍታለች፣ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ከድንኳኑ አፍ ላይ በጉልበቷ ወድቃ «የልጄን አባት የት አደረጋችሁት?» እያለች ታለቅሳለች።

ቤት ተሳስታ ነው ብዬ ላነሣት ሄድኩ። «የማንን ለቅሶ ፈልገሽ ነው፣ እህቴ?» አልኳት።

«የአዳነን። የሹፌሩን አዳነን» አለችኝ። ቀና ብላ አየችኝና «ጥሩዬ አንቺ ነሽ?» አለች።

የሚያለቅሱት ሴቶች ለቅሷቸውን ትተው ወደ እኛ ዞሩ። እናቴ ከተቀመጠችበት «ማናት እሷ?» አለች።

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ተነሣች። «ውባለም እባላለሁ። ከሐሙሲት ነው የመጣሁት። እዚያ ምግብ ቤት አለኝ፤ ሲሚንቶ ጭኖ ሲያልፍ ምሳ እኔ ጋ ነበር የሚበላው። አብረን መኖር ከጀመርን ቆይተናል። ከደብረ ታቦር የመጡ ተሳፋሪዎች ናቸው የእናቱ ቤት ለቅሶ ተቀምጧል ያሉኝ።»

«ዲያቆን ነው እኮ ልጄ» አለች እናቴ። ሌላ ቃል ያጣች ትመስላለች።

«አውቃለሁ። እኔም ፊት አግብቼ የፈታሁ ነኝ፤ አልዋሻችሁም። እነግራቸዋለሁ፣ እነግራቸዋለሁ እያለ ነው እንዲህ የሆነው። የኔታን ነበር የሚፈራው።»

የኔታ ካህናቱ መሀል ተቀምጠዋል። ሁሉም ወደ እሳቸው ላለማየት ሲሞክር አየሁ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ መለሱ። በአንድ ቀን ልዩነት ያው ዲያቆን ሁለተኛ ሞተባቸው። እኔም ማንን ላጽናና፣ ማንን ልቆጣ ግራ ገባኝ። ለወንድሜ ያልመጣው እንባ አሁን መጣ፤ ግን የኀዘን ይሁን የንዴት እኔም አላውቀው።

እናቴ ተነሥታ ወደ ሴትዮዋ ሄደች። ትመታታለች ብዬ ተከተልኳት። አዝላ የያዘችበትን አንቀልባ ፈታ ሕፃኗን ተቀበለቻት። ሁለት ወር አልፏት ይሆናል። ፊቷን አላየቻትም፤ ግራ እግሯን ከመጠቅለያው አወጣች። የአባታችን የግራ እግር ሁለተኛ ጣት በአውራ ጣቱ ላይ የተደረበ ነበር፤ የአዳነም እንዲሁ ነው። እናቴ ያቺን እንደ ባቄላ ያለች እግር በመዳፏ ይዛ ለረዥም ጊዜ ቆመች።

«ከብርዱ ግቢ» አለቻት በመጨረሻ። ሕፃኗን ግን አልመለሰችላትም።

ፍትሐቱ ተረሳ። ማልቀስ ያቋረጡት እንደገና ለማልቀስ ያፍራሉ፤ ሹክሹክታውም አይቆምም። ዝናቡ ሲያባራ ብዙ ሰው ወጥቶ ደጅ ቆመ። እኔም ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። ከላይ በኩል፣ ከገጠሩ መንገድ፣ አንድ ሰው እየሮጠ ሲወርድ አየሁ። ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ድንኳኑን ሲያይ ቆመና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«እናቴን! ሳላያት!» እያለ መጣ።

አዳነ ነበር።

ማሰሮው ከእጄ ወደቀ። ደጅ ከቆሙት ሴቶች አንዷ በስመ አብ ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። አንድ ሽማግሌ ማን እንደሆነ ሳያዩ፣ ሌላ የሩቅ ዘመድ መስሏቸው «አይዞህ፣ ልጄ፣ ለሁሉም የማይቀር ነው» እያሉ ሊደግፉት ሞከሩ። እሱም ደረታቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔ አጠገቡ ሄጄ ክንዱን ያዝኩት፤ ሥጋ ነው፣ ይሞቃል።

«እናታችን አለች» አልኩት። «የሞትከው አንተ ነህ።»

አልገባውም። ፊቴን ሲመለከት እብድ የሆንኩ ሳይመስለው አልቀረም። ያኔ እናቴ ሕፃኗን እንደታቀፈች ከድንኳኑ ወጣች። ተያዩ። እንደ ሌላው ሰው አልጮኸችም። በነፃ እጇ ፊቱን፣ አንገቱን፣ ትከሻውን ዳሰሰችው። ከዚያ ሕፃኗን ቀና አድርጋ አሳየችው።

«ይህቺን ታውቃታለህ?» አለችው።

ከናዳ የተረፈ ሰው መምሰል የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ከእናቴ ትከሻ በላይ ውባለምን አየ። ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

ነገሩ ቀስ በቀስ ተፈታ። ናዳው የወረደው እሱ ያቆመው መኪና ላይ ነው፤ እሱ ግን ወርዶ ማዶ ነበር። መንገዱ ስለተቆረጠ ወደ ካምፑ መመለስ አልቻለም። ስልኩን ቻርጅ እንዲሆን አለቃው ቢሮ ትቶት ነበር። የማንንም ቁጥር በቃሉ አያውቅም። ወሬው እኛ ጋ ሳይደርስ ልድረስ ብሎ ከገበሬዎች ጋር በእግሩ፣ ሲያገኝም በጭነት መኪና፣ በተራራው በኩል መጣ። ሙላት በዚያ ሲሄድ እሱ በዚህ ተላለፉ።

«ታዲያ ያ የሚያለቅሰው ማነው?» አለች እናቴ።

«የትኛው የሚያለቅስ?»

ስልኬን ከሣጥን አውጥቼ የራሱን ቁጥር ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ሰው ሁሉ ከበበን። ስልኩም ተነሣ።

«ወይ?»

እናቴ ደነገጠች። አዳነ ግን «ጫኔ፣ እኔ ነኝ፤ አዳነ» አለ።

«አዳነ!» አለ ድምፁ። «አዳነ፣ ችግር የለም? ችግር የለም?» ከዚያ ከእኛ ማንም የማይሰማውን ቋንቋ በጥድፊያ አወረደው። ደስታ መሆኑ ግን ለማንም አልጠፋም።

«አለቃችን ነው፤ ቻይናዊ ነው። ጫኔ ብለን ስም ያወጣንለት እኛ ነን» አለ አዳነ። «እነሱ ስልክ ሲያነሡ ወይ ነው የሚሉት። ሃሎ ማለታቸው ነው። ካልተሰማቸው ወይ ወይ እያሉ ይደጋግማሉ።»

ጥቂቶች ሳቁ። ሳቁ ግን አልዘለቀም፤ ምክንያቱም የኔታ ከድንኳኑ እየወጡ ነበር። አዳነ ተነሥቶ ወደ እግራቸው ሄደና ተደፋ። ሳይስሙት፣ ሳይባርኩትም ቆዩ። እኔ ይረግሙታል ብዬ ፈርቼ ነበር።

የኔታ የተናገሩት ለእሱ አልነበረም። ወደ ውባለም ዞር አሉ።

«ልጅቷ ክርስትና ተነሥታለች?»

«አልተነሣችም፣ አባቴ» አለች ውባለም። «አባቷ ለእናንተ እስኪነግር ብዬ ነው የጠበቅሁ።»

«ሰማንያ ቀኗ መች ነው?»

ነገረቻቸው። የኔታ በጣታቸው አሰቡና «ደርሷል እኮ» አሉ። ከዚያ አጎንብሰው አዳነን በክንዱ አነሡት። «ተነሣ። ልብስህን ለውጥ፤ ርሰሃል።»

ድንኳኑ ወዲያው አልፈረሰም። ከሩቅ የሰሙ ዘመዶች እስከ ማታ እያለቀሱ ይገቡ ነበር። ሟቹ ራሱ ተነሥቶ ሲቀበላቸው የሚጮኹም፣ የሚቆጡም ነበሩ። ሙላት በሦስተኛው ቀን ደስ ብሎት የምሥራች ይዞ ሲደርስ፣ የሚያበሥረው ሰው አጣ።

ሕፃኗን የኔታ ናቸው ያጠመቋት። የታጨችው ልጅ ወላጆች ለረዥም ጊዜ አኮረፉን፤ እውነት አላቸው። አዳነ ዲቁናውን ተወ። የኔታም ደብሩን ማን እንደሚረከባቸው ዳግመኛ አንሥተው አያውቁም፤ እኛም አንጠይቃቸውም። ክርስትናው ላይ ሲቀድሱ፣ አዳነ ይቆምበት የነበረውን ቦታ ሁለት ጊዜ ዞር ብለው ሲያዩት ግን አይቻለሁ።

እኔንስ ምን ለወጠኝ? ሙላት ከዚያ ወዲህ ቃሏን ባገኘው ቋንቋ ሁሉ ይፈልጋታል። ትግርኛ ተናጋሪ ባልደረባው «ወይ» ማለት እነሱ ጋ «ወይም» እንደሆነ ነገረው። ፈረንሳዮች «ዌ» ሲሉ አዎ ማለታቸው ነው ይለኛል። እየሳቀ ይነግረኛል፤ እኔ ግን እንደ እሱ መሳቅ አልቻልኩም። በዚያ ቀን መሶቡን ከበን የተቀመጥነው ሁሉ ያንኑ ድምፅ ሰማን። እያንዳንዳችን የሰጠነው ትርጉም ትክክል ነበር፤ ማናችንም ግን ሰውየው ያለውን አልሰማንም። ዛሬ ደንበኛዬ «እንደዚያኛው አድርገሽ ስፊልኝ» ስትለኝ ሦስቴ እጠይቃታለሁ። ትሰለቸኛለች።

ያልፈታሁት ግን ሌላ ነው። ያ ሰው ስልኩን አንሥቶ ሌላ ቃል ቢል ኖሮ እናቴ ፊቷን አትነጭም ነበር፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። የኔታም እንዲያ አይሰበሩም ነበር። ነገር ግን ያቺን ልጅ መቼ እናውቃት ነበር? አንዳንድ ቀን ያን ስልክ እረግመዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን እመርቀዋለሁ። አንባቢዎቼ፣ በእኔ ቦታ ብትሆኑ የትኛውን እንደምትመርጡ ብትነግሩኝ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ መምረጥ አቅቶኛል።

ባለፈው ሰሞን ከአዳነና ከልጁ ጋር ገበያ ወጥተን ሳለ አንድ እህል ነጋዴ ከእብናት በኩል መጥቶ አገኘኝ። ድሮ የሚያውቀኝ ሰው ነው። የለቅሶውን ወሬ ሰምቶ፣ ቀጥሎ የሆነውን ሳይሰማ የቀረ ነው። ኮፍያውን አወለቀ።

«ለቅሶ ሳልደርስሽ ቀርቼ አፍሬ ነው የኖርኩት» አለኝ። «የዲያቆኑን ወንድምሽን ነፍስ ይማር።»

አፌን ልከፍት ስል ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። አዳነ ልጁን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውሮ ሰውየውን በትሕትና እጅ ነሣው።

«አሜን» አለው።